ለቅሶ በሳህሉ ቤት

ነይ ወለቴ፣ እዚህ ጋ ቁጭ በይ። እግርሽን ብቻ ንከሪ፤ ውሃው ለብ ያለ ነው። ዋና ባትችዪም ማንም አይገፈትርሽም። ቅዳሜ አመሻሽ የሴቶች ሰዓት ነው፤ አየሽ መጋረጃውን፣ ዙሪያውን አውርደውታል፤ በደንዳስ መንገድ በሚያልፈው ባቡር፣ በስትሪትካሩ ላይ ሆኖ አንገቱን የሚያሰግግ ወንድ ቢኖር እንኳ አያይሽም። ጠባቂዋም ሴት ናት። ሪጀንት ፓርክ መሥራቴን ከምወድባቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነው፤ ቢሮዬን ቆልፌ መንገዱን ስሻገር ውሃ ውስጥ ነኝ።

ቆይ እስኪ… ዋጋው ከጀርባሽ ተንጠልጥሏል። የዋና ልብሱን ነው የምልሽ። ዛሬ ነው የገዛሽው? ያምርብሻል። ልሸጉጥልሽ፤ አልቆርጠውም፣ ምናልባት ነገ መመለስ ትፈልጊ ይሆናል።

ስፓዳይና ላይ አዲሱን ስትሪትካር አየሽው? እንደ አባ ጨጓሬ እየታጠፈ የሚሄደውን? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ልጆቹስ? ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ገባ አሉኝ፤ እሰይ፣ እልል ነው። ባለቤትሽስ ደህና ናቸው? ነገ የእድሩ ዓመታዊ በዓል ስለሆነ ፋታ እንደሌላቸው አውቃለሁ። የእድር ሊቀመንበር መሆን ቀላል ነው እንዴ… ሰው ሲሞት ይጠራሉ፣ ሰው ሳይሞት ይሰበስባሉ።

ደውለሽልኝ ነበር አይደል? ይቅርታ፤ የምርጫ ሰሞን ሆኖ ስልኬን ማንሳት ትቻለሁ። አንቺም እኔን ፍለጋ አልመጣሽም፤ ዋናው አምሮሽ ነው። በዚህ ዕድሜያችን ዋና ማማሩ ደግ ነው።

ካምፔይኑ? ደህና ነው። ሦስት ሳምንት ቀረን። እስካሁን ግማሹ ሰው የትምህርት ቦርድ ትረስቲ፣ ለቦርዱ በሕዝብ የሚመረጥ ሰው፣ ምን እንደሆነ አልገባውም፤ አስተማሪ ልቀጠር የመሰለው አለ። ለምን ትወዳደሪያለሽ ሲሉኝ መልሴ አጭር ነው። ስንት ዓመት ሙሉ እናቶችን ተከትዬ ርዕሰ መምህር ቢሮ ገባሁ፣ አስተረጎምኩ። ጥቁር ልጅ ከሳቀ ረበሸ ተብሎ፣ ዝም ካለ አስፈራ ተብሎ ሰስፔንድ ይደረጋል፣ ከትምህርት ይታገዳል። ያ ሁሉ በሚወሰንበት ክፍል ውስጥ አንድ ቀን እንኳ እኛን የመሰለች ሴት እንድትቀመጥ እፈልጋለሁ። ይኸው ነው።

ፍላየሬንስ፣ የቅስቀሳ ወረቀቱን፣ አየሽው? የመጀመሪያውን አንድ ትልቅ ሰው ናቸው ያረሙልኝ። ስማቸውን አልጠራም፤ ምስጋና አይወዱም። ሁለት ቃል ብቻ ነው ያወጡት፤ «ጥቁር» የሚለውንና «ፌሚኒስት» የሚለውን። ሌላውን፣ ስሜን ጭምር፣ ትተውልኛል። እንደሳቸው ያለ ሴት አክባሪ እኮ አላየሁም። ስብሰባ ላይ አንድም ቀን ሴት አቋርጠው አያውቁም፤ ከተናገረች በቀር።

ፌሚኒስት ሲባል ሰው ባል ያጣች ይመስለዋል ብለው መከሩኝ። እኔ ደግሞ ባል የለኝም፤ ታዲያ ምኑ ላይ ነው ስህተቱ ብዬ አልተከራከርኩም። «ጥቁር» የሚለውን ሲሰርዙ ደግሞ እንደ አባት ነው ያስረዱኝ፤ እኛ ሐበሻ ነን፣ ጥቁር የምንለው እነሱን ነው አሉኝ። «እነሱን» ሲሉ በመስኮቱ ጠቆሙ። አብራኝ የምትሠራው ፐርል፣ ጃማይካዊቷ፣ ከመኪናዋ እየወረደች ነበር። እጇን አወዛወዘችላቸው። እሳቸውም አወዛወዙላት፤ ጨዋ ናቸው።

ዕውቀት ነው መቼም። የሚያሳዝነው፣ ይህን ዕውቀት ለፖሊስ ያካፈለ የለም። አምና በበረዶው ጊዜ የኚህኑ ሰውዬ ልጅ ከላይብረሪ ሲወጣ ዳንፎርዝ ላይ አስቁመው፣ ቦርሳውን አስፈትተው፣ ከየት መጣህ ወዴት ትሄዳለህ ሲሉት ሐበሻ መሆኑን አላወቁም። አባትየው ለማን ኮል ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ለኔ። «አንቺ ከነሱ ጋር ትግባቢያለሽ» አሉኝ። እኔና ፐርል ጣቢያ ድረስ ሄደን ነው አቤቱታውን ያስገባነው። ልጁ እስካሁን ሲያየኝ ጎንበስ ብሎ ነው ሰላም የሚለኝ፤ በእናቱ ወጥቷል። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገባ አሉ።

ምነው? አይ፣ ያንቺ ልጅማ ሌላ ነው። ያንቺም ገባ፣ የኚያም ሰውዬ ገባ። ዘንድሮ ብዙ ልጅ ገብቷል።

ነገርን ነገር ያነሳዋል… ጓደኛችን ብርቅዬ ይህን ውሃ ስትወደው አይጣል ነበር። ልክ እዚህ፣ አንቺ የተቀመጥሽበት ላይ ነበር የምትቀመጠው። ስለ ብርቅዬ ላንቺ መንገር ለቀባሪ ማርዳት እንዳይሆንብኝ… አይ፣ እሱስ ቃሉ አልሆነም። ብቻ ታውቂያታለሽ። ሁለቱንም ስትወልጂ አራስ ቤትሽን የያዘችው እሷ ናት፤ ሌሊት ቢሮ ስታጸዳ አድራ፣ ጠዋት ያንቺን ገንፎ ታገነፋ ነበር። ያኔ ከባሏ ከሳህሉ ጋር ነበረች። ፊቷ አብጦ ስትመጣ ምን ትል እንደነበር ታስታውሻለሽ? በር መታኝ ነበር የምትለው። ያ ቤት በሩ ብዙ ነበር። እኛም ጠጋ ብለን የትኛው በር ነው ብለን አንጠይቅም፤ ጨዋዎች ነን።

በኋላ አንዱን በር ከፍታ ወጣች። መጀመሪያ ሼልተር፣ የተደበደቡ ሴቶች መጠለያ፣ ከዚያ ፍቺው፣ ከዚያ ክሬሰንት ታውን ላይ አንድ መኝታ ቤት ደረሳት፤ ከተማው በሙሉ የሚታይበት ፎቅ ላይ። እስክትረጋጋ ድረስ ከኔ ጋር ትመጣ ነበር እዚህ። መጀመሪያ እንዳንቺ እግሯን ብቻ ነበር የምትነክረው። ፐርል ናት ይዛ ያስተማረቻት። በጀርባዋ ተንሳፍፋ ጣሪያውን እያየች የሳቀችው ሳቅ… እንደዚያ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ታመመች። ሆስፒታል ስጠይቃት እኔ ስለ ቀብር እንዳስብ እንኳ አትፈልግም፤ «አትጨነቂ፣ እድር አለኝ» ነበር የምትለኝ። እውነቷን ነው፤ ከተፋታችም በኋላ መዋጮዋን አላቋረጠችም። እዚያ አዳራሽ ሄዳ ሳህሉን ላለማየት በአንዲት ወዳጇ እጅ ትልክ ነበር። ወዳጅ ማለት እንደዚያች ናት፤ አንዲት ወር አላጎደለችም፣ ሳትሰስት አደረሰችላት። በሳህሉ ስም እንደሚገባ ብቻ ነው ሳትነግራት የቀረችው… እንዳታዝን ብላ ይሆናል። አንቺ ያቺን ወዳጇን አታውቂያትም። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ የማውቃት ይመስለኝ ነበር።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ አረፈች። ለእድሩ ኮል አደረግኩ። ኃላፊነት ያለባቸው አንድ ሰው ስልኩን አነሱ… ባለቤትሽን ማለቴ አይደለም፤ እድር ውስጥ ኃላፊነት ያለበት ሰው ብዙ ነው። በጣም አዘኑ። ካዘኑ በኋላ ደንቡን አነበቡልኝ። አባልነቱ የአባወራው ነው፤ የተመዘገበው «አቶ ሳህሉና ባለቤታቸው» ተብሎ ነው። ብርቅዬ ከተፋታች ወዲህ ባለቤት አይደለችም፤ ስለዚህ እድሩ አያውቃትም። እሺ ብዬ ዘጋሁት። ደንብ ይከበራል እንግዲህ፣ ምን ይደረጋል።

በማግስቱ ቴክስት መጣልኝ። ላንቺም ሳይመጣልሽ አይቀርም፤ ለሁሉም ሰው ነው የተላከው። «የአባላችን የአቶ ሳህሉ ባለቤት ስላረፉ ለቅሶው በመኖሪያ ቤታቸው ይሆናል።» ሌላ ሚስት አግብቶ ነበር እንዴ ብዬ ግራ ተጋባሁ። ለካ ብርቅዬ ናት። ስትቀበር ባለቤት አይደለችም፣ ሲለቀስላት ባለቤት ናት። ይህን ነገር ሰለሞን ቢያቀርቡለት አንድ ሳምንት ስጡኝ ይል ነበር፤ እኚህ ሰው ግን ባንድ ሌሊት ፈረዱት። አባል ሳህሉ ነው፣ ሐዘን የደረሰበት ሳህሉ ነው፣ እድር የሚቆመው ለአባሉ ነው። በቃ። እኛ የተማርን ነን ባዮች ነን ነገር የምናወሳስበው።

ለቅሶው አንድ ቦታ፣ ሬሳው ሌላ ቦታ። ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ ይሉን ነበር ድሮ፤ ለካ ብትሞትም በወንድ ነው የምታልቀው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባልም የባል ስም መሆኑን አላውቅም ነበር።

ሳህሉ ቤት በጣም ደምቆ ነበር አሉ። ወንበሩ አልበቃ ብሎ ከጎረቤት መጣ። አንቺም ሦስቱንም ቀን ውለሽ አመሸሽ አሉኝ፣ ስታስተናግጂ። ድምፅሽ ከሁሉም በላይ ይሰማ ነበር አሉ፤ «አራስ ሳለሁ ያረሰችኝ» እያልሽ። ብርቅዬ ብትሰማሽ እንዴት ደስ ባላት፤ ግን ከተማው ሌላ ጫፍ ላይ ነበረች። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል… ሬሳም አይገድም ኖሯል። እድርተኛ በበላበት ይጮኻል የሚልም አለ፤ እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልናገርም፣ ነውር ነው።

እኛ ዘንድ ሰው አልበዛም። ቄሱ መጡ፣ እግዜር ይስጣቸው፤ ከአንድ ዲያቆን ጋር ሆነው ፍትሐቱን አደረሱ። ሳጥኑን ከመኪናው የሚያወርድ ወንድ አልነበረም፤ ወንዶቹ ሳህሉን እያጽናኑ ነው። የቀብር ቤቱ ሠራተኞች ጠጋ ሲሉ ፐርል እጇን ዘርግታ አቆመቻቸው። እኔ፣ ፐርል፣ ከቢሮ ኩልሱም፣ ጎረቤቶቿ… ሴቶች ሆነን ተሸከምናት። ሴት ሬሳ ስትሸከም አይቼ አላውቅም ነበር፤ ሊከብደኝ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ለካ ከስታ አልቃለች። «ሐበሻ እንጂ ጥቁር አይደለንም» የተባለላት በጥቁር ሴቶች ትከሻ ነው የሄደችው። አፈር ስትለብስ ፐርል በሀገሯ ዜማ አዜመች። ግማሹን አልሰማሁትም፣ አለቅስ ነበር። እስካሁን ይሄ ትከሻዬ ያመኛል፤ ለዚያ ነው ሙቅ ውሃውን የማበዛው።

ሐብልሽን አውልቀሽ ያዢው እንጂ ወለቴ፤ ክሎሪን ያጠቁረዋል። ዝምታ ወርቅ ነው ሲሉ እሰማለሁ፤ ለዚህ ይሆናል አንገታችን ላይ የምናስረው።

እና እኚያ ትልቅ ሰው ውለታ አይረሱም። ነገ በእድሩ በዓል፣ ብሉር መንገድ ባለው አዳራሽ፣ መድረክ ላይ አውጥተው በሕዝብ ፊት እጄን ሊያነሱልኝ ነው። «ልጃችን» ሊሉኝ ነው፤ ሃምሳ ሦስት ዓመት ሞልቶኛል፣ ግን ወላጅ መቼም አይጠላም። ከዚያ አዳራሽ የሚወጣውን ድምፅ ካገኘሁ አሸንፋለሁ፣ ካላገኘሁ አላሸንፍም። ይህን እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ለዚህ ሁሉ የጠየቁኝ አንዲት ነገር ናት፤ የብርቅዬን ስም እንዳልጠራ፣ ደንቡን እንዳላነሳ። የሞተን ማንሳት ነውር ነው ብለው ሰው ላኩብኝ። እውነታቸውን ነው፤ እሳቸው ስትሞትም አላነሷት። ከእድሩ ሰዎች መጀመሪያ ጥጋቡን ላኩት፣ ቀጥሎ ሰብስቤን ላኩት፣ አሁን ደግሞ… አይ፣ አንቺማ ለዋና ነው የመጣሽው።

ልዋሽሽ? ማሸነፍ እፈልጋለሁ። ስንት ደረጃ ወጥቼ፣ ስንት በር አንኳኩቼ፣ ስንት ውሻ ጮኾብኝ። ስለዚህ መልእክቱ ሲመጣ ቶሎ እንቢ አላልኩም። ስገላበጥ አደርኩ። ለትምህርት ቤት ልጆቹ ስል መድረኩ ላይ ልውጣ፣ እጄን ያንሱት፣ ከምርጫው በኋላ ደንቡን እናስለውጣለን እያልኩ ራሴን ስሸነግል ነበር። እሳቸውም ይሄንኑ ነው የሚሉት፤ ቀስ በቀስ። ብርቅዬ ግን ቀስ በቀስ የሚባል ነገር አልነበራትም።

ከዚያ ፕሮግራሙን ላኩልኝ። መክፈቻው «በዓመቱ ለተለዩን የአባላት ቤተሰቦች የህሊና ጸሎት» ነው፤ ቀጥሎ እኔ ነኝ። አንገቴን ደፍቼ ከጎናቸው ልቆም ነው እንግዲህ… ለሳህሉ ባለቤት። እዚያ ላይ አልቻልኩም። ጥቁር ሴት ነኝ፣ ፌሚኒስት ነኝ ስል ሰው ትልቅ ፍልስፍና ይመስለዋል። እኔ ዘንድ ትርጉሙ አንድ ነው፤ አንዷ ሴት ደጅ ተጥላ እኔ ውስጥ ገብቼ ወንበር አልይዝም። ይህን ደግሞ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ብሉር ላይ፣ ማርች ስምንት፣ በሴቶች ቀን ሰልፍ፣ በዚያ ብርድ ባነሩን አንቺ በአንድ ጫፍ ብርቅዬ በሌላው ጫፍ ይዛችሁ ስትሄዱ ነው የተማርኩት። ድምፅሽ እስኪዘጋ ስትጮኺ ነበር። በብዙ ሰው ፊት እንደዚያ የምትጮህ ሐበሻ ሴት ያኔ ካንቺ ሌላ አልነበረችም። ቀንቼብሽ ነበር፣ እውነቴን ነው።

ፎቶው አሁንም ቢሮዬ ግድግዳ ላይ አለ፤ ሦስታችን ነን። አንዷ ሞተች፣ አንዷ ትወዳደራለች፣ አንዷ ዛሬ ዋና ጀመረች። ሰው መቼም በያለበት ይሻሻላል።

እኔ የምልሽ… ያንቺ ስም እድሩ ውስጥ እንዴት ነው የተጻፈው? «ባለቤታቸው» ነው? አዎ፣ እንደዚያ ነው የሁሉም። አጭርና ግልጽ ነው። ሲጽፉት አያደክም፣ ሲሰርዙትም አያደክም። ደግሞ ያንቺ ቤት ምን ሆኖ ይሰረዛል… እንዲያው ነገሩን ነው።

ለማንኛውም ነገ አልመጣም። የሚጠይቅሽ ሰው ካለ… የሚጠይቅሽ የለም እንጂ ካለ፣ የብርቅዬ አርባ ነው፣ መቃብሯ ላይ ናት በይልኝ። ፐርል ትመጣለች፣ ኩልሱም ትመጣለች፣ ቄሱም ቃል ገብተውልኛል። ፍላየሩንም ትናንት እንደገና አሳተምኩት፤ ሁለቱንም ቃላት መለስኳቸው። አንዳንዱ ሰው አይቶት በሩን ይዘጋብኛል። ይዝጋ። አላሸንፍ ይሆናል፤ በጣም ያመኛል፣ አለቅሳለሁም፣ ግን በገዛ ቤቴ ነው የማለቅሰው። አንቺን ነይ አልልሽም። ከፊት ወንበር ተይዞልሻል፤ ባዶ ከሆነ ሰው ምን ይላል?

ልትሄጂ ነው? ገና ሳትገቢ? እሺ፣ ፎጣሽ ያውልሽ፣ እዚያ ወንበር ላይ ነው። ዓይንሽ ቀላ… ክሎሪኑ ነው፣ ጀማሪ ሰው ያቃጥለዋል። ነጠላ ጫማሽን አድርጊ፣ ወለሉ ያንሸራትታል። ቀስ በይ። እቤትም ሰላም በይልኝ፤ ለሁሉም።

ቆይ፣ ሳልመርቅሽማ አትሄጂም። ነይ፣ ግንባርሽን ልሳምሽ። የኔ እህት… እግዜር ትዳርሽን ያጽናልሽ፤ እስከ ዕለተ ሞትሽ ድረስ፣ አንዲት ቀን እንኳ ሳያጎድልብሽ ያጽናልሽ፤ ቀባሪ አያሳጣሽ።